ከ18 በታች ነኝ፤ ሕጉ ስለ እኔ ምን ይላል?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ከኩታበር፣ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ። ጠያቂዎቹ ወይ ራሳቸው 18 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው፣ ወይ ወላጆቻቸው። ስም አንጠራም። አንዳንዱን ደብዳቤም አሳጥረነዋል። ልጆቹ «ገና ልጅ ስለሆንኩ የሚሰማኝ የለም» ብለው ነው የሚጀምሩት። ወላጆቹ ደግሞ «ልጅ ስለሆነ ምንም አይሆንም» ብለው ይጨርሳሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሕጉ ከ18 በታች ላለ ሰው መብት ሰጥቶታል፣ ኃላፊነትም አሸክሞታል። መጠኑ ነው በዕድሜው የሚለያየው።

ጥያቄ፦ ኩታበር አካባቢ የምኖር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ 15 ነው። ሽማግሌ ተልኮ አባቴ እሺ ብሏል፣ ማጫውም ተቆርጧል። ረመዳን ሳይገባ ይለቅ እየተባለ ነው። ልጁን አላውቀውም ብል ይቀላል። እናቴ «ኒካሁ ብቻ ይታሰር፣ ትምህርትሽን እዚያ ሆነሽም ትማሪያለሽ» ትለኛለች። አባቴ ደግሞ 18 ሞልቷታል ብሎ ሊያስጽፍ እንደሆነ ሰማሁ። ከአባቴ መጣላት አልፈልግም። ማግባትም አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እታለም፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ብቻሽን ያለሽ ይመስልሻል፣ ግን ሕጉ ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነው።

የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ነው። የፌዴራሉም የቤተሰብ ሕግ፣ እናንተ ጋ የሚሠራበት የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በዚህ አይለያዩም። ሁለተኛው ነገር ፈቃድ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ጋብቻ የሚመሠረተው በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ነው ይላል። አባት እሺ ማለቱ፣ ሽማግሌ መቀመጡ፣ ማጫ መቆረጡ ያንቺን እሺታ አይተካም። አንቺ ደግሞ ዕድሜሽም አልደረሰ፣ ፈቃድሽም የለበት።

«ኒካሁ ብቻ ይታሰር» የሚለው ነገር ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ። የቤተሰብ ጉዳይ በባለጉዳዮቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም የሚሠሩት በዚሁ ነው። የወንጀል ሕጉ ግን ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም አንድ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 እንደሚለው፣ አካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ከሕግ ውጪ ጋብቻ የፈጸመ ሰው፣ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በኒካህ ይሁን በተክሊል፣ በድግስ ይሁን በድብቅ፣ ለውጥ የለውም። ገፋፍቶ ወይም ረድቶ ያስፈጸመም በተባባሪነት ሊጠየቅ ይችላል። እኔ እንደማምነው እነዚያ ሽማግሌዎች ይህን አንቀጽ አንድ ሰው ቢያነብላቸው ብዙዎቹ እግራቸውን ይሰበስባሉ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም የሄዱት፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ነው የሚያደርጉት።

አሁን ወደ ዕድሜሽ እንምጣ፣ ነገሩ የሚዞረው እዚህ ላይ ነውና። አባትሽ 18 ሞልቷታል ቢል ያንቺ ማስረጃ ምንድን ነው? የልደት ምስክር ወረቀት ካለሽ ግልባጩን ያዢ። ልደት በመንግሥት መዝገብ በስፋት መመዝገብ የተጀመረው ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ስለሆነ በአንቺ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች ወረቀቱ የላቸውም። የሌለሽ ከሆነ ሌላ ፈልጊ። አንደኛ ክፍል ስትገቢ የተሞላው ፎርም ትምህርት ቤት ፋይልሽ ውስጥ አለ፣ የትውልድ ዘመንሽ ተጽፎበታል። እናትሽ ዕቃ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው የክትባት ካርድ ካለም ፈልጊው፣ ቀኑ አለበት። እነዚህን በስልክ ፎቶ አንሺያቸውና ለምታምኚው ሰው ላኪ። ጭራሽ ምንም ካልተገኘ ሐኪም ዕድሜ ይመረምራል፤ እሱ የሚሰጠው ግን ግምት ነው፣ ወረቀት ካለ ወረቀቱ ይሻላል። የሐሰት ዕድሜ ማስጻፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ይህን አባትሽ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ለማን ልንገር ትያለሽ። ቅርቡ ትምህርት ቤትሽ ነው። ርእሰ መምህሩ፣ የሴቶች ክበብ ካለ የክበቡ መምህርት። ከዚያ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ አሉ። ጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም አትርሺ፣ ቤታችሁን ታውቀዋለች፣ እናትሽንም ታናግራታለች።

ከአባትሽ ጋር አለመጣላትሽን በተመለከተ ደግሞ፣ ቶሎ መናገር ነው አባትሽን የሚያድነው። ገና በወሬ ደረጃ ሳለ ከታወቀ አብዛኛውን ጊዜ በምክርና በማስጠንቀቂያ ያልቃል። ኒካሁ ከታሰረ በኋላ ግን ነገሩ ዐቃቤ ሕግ እጅ ይገባል፣ ያኔ አንቺ ብትለምኚም የሚመለስ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አባትሽ የሚያከብረውን አንድ ሰው ፈልጊ፤ አጎትሽ ይሁን አያትሽ ወይም የመስጊዳችሁ ኢማም። «ልጅቷ አልፈለገችም፣ ዕድሜዋም አልደረሰ፣ ሕጉም አይፈቅድም» ብለው ይንገሩት። ይህ ካልሠራ በዚያው ቀን ወደ ትምህርት ቤትሽ ሂጂ። አታሳድሪው። እግዜር አይበለውና ቢፈጸም እንኳ ያበቃለት ነገር አይደለም፤ 18 ዓመት እስኪሞላሽ ዐቃቤ ሕግም ሆነ ጥቅም ያለው ሰው ጋብቻው እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ ሻይ ሸጬ ነው የማድረው። የ14 ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሞባይል ሰርቋል ተብሎ ተያዘ። ሌሊቱን ከትልልቅ ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ነው ያደረው። ስጠይቅ «ጠብቂ» ብቻ ይሉኛል። ስልኩ ለባለቤቱ ተመልሷል፣ እግር ላይ ወድቀን ይቅርታ ጠይቀናል። ልጄ ይፈረድበታል? አንደኛው ጓደኛው 17 ዓመቱ ነው፣ እሱን ለብቻ ነው የሚያዩት ይላሉ። ለምን?

መልስ፦ እትዬ፣ አይዞዎት። ሕጉ ለልጅዎ የተለየ መንገድ አበጅቷል። የሚያሳዝነው ብዙ እናት ስለማያውቀው አይጠይቅም።

የወንጀል ሕጉ ልጆችን በዕድሜ ይከፍላል። 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል ጭራሽ አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ይጠየቃል፣ ግን እንደ አዋቂ አይደለም፤ የተለየ እርምጃ ነው የሚወሰድበት። ከ15 አልፎ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፣ ፍርድ ቤቱ ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ የሞት ቅጣት በየትኛውም ሁኔታ አይፈረድበትም። የልጅዎና የጓደኛው ጉዳይ የተለያየው በዚህ ነው። ልጅዎ 14 ነው፣ ጓደኛው 17። አድልዎ ተፈጽሞ አይደለም።

ከአዋቂዎች ጋር ማደሩ ግን ስህተት ነው። ይህን በድፍረት ይናገሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው መያዝ አለባቸው ይላል። የወንጀል ሕጉም በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዳይቀመጥ ከልክሏል። ከዚያም በላይ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለው ልጅ ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ይላል። ፖሊስ ጣቢያ ምርመራ እስኪያልቅ ይቀመጥ አይልም። ዳኛው ናቸው ለፖሊሱ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ የሚነግሩት። ቀጠሮ ከተሰጠ ደግሞ ልጁ ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ይሰጣል፤ ወላጅ በቀጠሮው ቀን አቀርበዋለሁ ብሎ ይወስደዋል። እርስዎ አሉለት። ስለዚህ ልጅዎ ቤቱ ማደር ይገባው ነበር።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። የልደት ወረቀቱን ወይም የትምህርት ቤት ካርዱን ይያዙ። ጣቢያው ውስጥ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያይ ክፍል ካለ እዚያ ይግቡ፤ «ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ከአዋቂ ይለይልኝ፣ ዛሬውኑ ፍርድ ቤት ይቅረብልኝ» ይበሉ። ቃሉን ሲሰጥ እርስዎ አጠገቡ እንዲሆኑ ይጠይቁ። የተያዘ ሰው ሁሉ የመናገር ግዴታ የለበትም፣ ተገድዶ የሰጠው ቃልም ማስረጃ አይሆንም፤ ይህ ለልጅም ይሠራል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ደግሞ የማንኛውም ተያዥ መብት ነው። ይህ ሁሉ ተብሎ አሁንም «ጠብቂ» ካሉዎት ፍርድ ቤት ሄደው አካል ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ አግባብ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚጠየቅበትን አቤቱታ፣ ያቅርቡ። የሚጽፍልዎት ከቸገረዎት የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለአቅመ ደካማ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ለእርስዎ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቅርብዎ ነው፣ ሄደው ይጠይቁ።

ይፈረድበታል ወይ ላሉኝ፣ ችሎቱ በዝግ ነው የሚካሄደው፤ ሰፈርተኛ ተሰብስቦ አያየውም። ጥፋተኛ ከተባለ ዳኛው ሊገሥጹት ይችላሉ፣ ለተወሰነ ጊዜ ከቤት ወይም ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ ሊያዝዙ ይችላሉ፣ ለሚቆጣጠረው ሰው ሊሰጡት ይችላሉ። ከበድ ካለ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ከ1 እስከ 5 ዓመት ሊያስገቡት ይችላሉ፣ ያም 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። እስራት የሚመጣው እርምጃዎቹ አልሠራ ብለው ወንጀሉም በጣም ከባድ ሲሆን ነው።

ስልኩ መመለሱና ይቅርታ መጠየቃችሁ ለዳኛው ትልቅ ነገር ነው፣ የዕርቁን ወረቀት ይያዙ። ስርቆት ግን በዕርቅ ብቻ ሁልጊዜ አይዘጋም። እንግዲህ እናት ለእናት እንደሚነጋገረው ልንገርዎት። ልጅዎን ከእስር ለማውጣት የሚሮጡትን ያህል፣ ሲወጣ ማን ጋ እንደሚውልም ይጠይቁት። ዳኛው የሚጠይቁት መጀመሪያ ስለዚሁ ነው፤ ትምህርቱን፣ ቤቱን፣ ጓደኞቹን። እርስዎ መልስ ይዘው ከቀረቡ ልጅዎ ወደ ቤቱ የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው፣ ኮምቦልቻ አንድ ምግብ ቤት ዕቃ አጥባለሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እገባለሁ፣ ማታ 5 ሰዓት ነው የምወጣው። የሁለት ወር ደመወዝ አልተከፈለኝም። ስጠይቅ ባለቤቱ «አንተ ልጅ ነህ፣ ውልም የለህ፣ የት ትከሰኛለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እውነቱን አይደለም ወንድሜ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት ጀምሮ መቀጠርን ይፈቅዳል። ከ15 እስከ 18 ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ይለዋል፣ ከአዋቂው የበለጠም ይጠብቀዋል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አትሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራት ክልክል ነው። ትርፍ ሰዓት፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን፣ በበዓል ቀን ማሠራትም እንዲሁ። አንተ ከጠዋት 1 እስከ ማታ 5 ስትሠራ 16 ሰዓት ነው። አሠሪህ ደመወዝህን ቢከፍልህ ኖሮ እንኳ ሕጉን እየጣሰ ነበር።

ውል የለህም ማለቱም አያዋጣውም። የቃል ውል ውል ነው። ጽሑፍ ባይኖር እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታህን የሚገልጽ ወረቀት ሊሰጥህ ይገባ ነበር፤ አለመስጠቱ ያንተን መብት አያስቀርም።

ደብተር ግዛ። የገባህበትን ቀን፣ የተስማማችሁበትን ደመወዝ፣ መጨረሻ የተከፈለህን፣ በየቀኑ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት ጻፍ። አብራህ የምትሠራ አስተናጋጅ፣ ሽንኩርት የሚያመጣላችሁ ሰው፣ ማታ ስትወጣ የሚያይህ ዘበኛ፣ እነዚህ ምስክሮች ናቸው፤ ስማቸውን ያዝ። ከዚያ ከወላጅህ ወይም ከታላቅ ወንድምህ ጋር ሆነህ የከተማው ሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ሂድ፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ። እዚያ ካልተፈታ የሥራ ክርክር ወደሚታይበት ፍርድ ቤት ነው፣ ሠራተኛ ዳኝነት አይከፍልም። ግን አትዘግይ፤ የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን 6 ወር ካለፈ በይርጋ ይቀራል። ብዙ ልጅ «ነገ ይከፍለኛል» እያለ ነው ገንዘቡ የሚቀርበት፣ ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

ያንተም ግዴታ አለ። የተስማማኸውን ሥራ በአግባቡ መሥራት፣ ዕቃውን መጠበቅ፣ ዕድሜህን በትክክል መናገር። ተናደህ ከካሸሩ ሳጥን ደመወዜን ልውሰድ እንዳትል፤ ያኔ ተበዳዩ ከሳሽ ሆኖ ሳለ ተከሳሽ ይሆናል።

ሰው ቤት በቤት ሠራተኝነት ያላችሁ ልጆችም ጽፋችሁልኛል። ይህ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፣ ይህ የሕጉ ትልቅ ቀዳዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ደመወዛችሁ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይጠየቃል፣ ዱላና ትንኮሳ ደግሞ በወንጀል ሕጉ።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ነው የምማረው፣ 7ኛ ክፍል ነኝ። መምህራችን አርፍደን ስንመጣ በጎማ ይመታናል። ወላጆቼ «ለጥቅምህ ነው» ይላሉ። ይፈቀድለታል?

መልስ፦ አይፈቀድለትም። ሕገ መንግሥቱ ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል፣ በቀጥታ። ወላጆችህን ይዘህ ርእሰ መምህሩ ጋ ሂዱ፣ ካልሆነ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ትምህርት ቤቱ ግን በሌላ መንገድ ሊቀጣህ መብት አለው፣ ማርፈድህን ተው። አንተ በሰዓቱ ገብተህ ስትናገር ደግሞ ንግግርህ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ወልድያ ነኝ። የ17 ዓመት ልጄ የጎረቤትን ባጃጅ ለምኖ ሲነዳ አንዲት እናት የሚሸጡበትን ጎመንና ቲማቲም ከነመደባቸው ገለበጠው። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሴትየዋ ክፈለኝ አሉኝ። እኔ ምን አጠፋሁ? ልጁ ራሱ ይጠየቅ ብዬ ተውኩት።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ይጠየቃል፣ እርስዎም ይከፍላሉ። 18 ሳይሞላ መንጃ ፈቃድ አይሰጥም፤ ስለዚህ ያለ ፈቃድ ነው የነዳው፣ በ17 ዓመቱ ደግሞ በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል። ይህ የእሱ ነው። የገንዘቡ ጉዳይ ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ኃላፊ ነው ይላል። የእርስዎ ጥፋት አለ ወይስ የለም የሚለው አይደለም የሚታየው፤ ልጁ የእርስዎ ነው፣ አላለቀም አስተዳደጉ። አባት በሌለበት እናት ናት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳለ ላደረሰው ደግሞ ትምህርት ቤቱ።

የባጃጁ ባለቤትም አይወጣም። ንብረቱ ላደረሰው ጉዳት የተሽከርካሪ ባለቤት ይጠየቃል፣ ያውም ቁልፉን ለ17 ዓመት ልጅ የሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ ሦስታችሁም አንድ ላይ ቁጭ በሉ፤ እርስዎ፣ ጎረቤትዎና ልጁ። ልጁን አያስቀሩት፣ ሴትየዋ ፊት ይቅረብ። የጎመኑንና የቲማቲሙን ዋጋ፣ የመደቡን እንጨት፣ እስኪጠገን ሥራ የፈቱበትን ቀን ጨምራችሁ አስሉ። የእኚህ ሴት ዕለታዊ እንጀራ መደቡ ላይ ያለው ነውና ነገ ዛሬ አይበሏቸው። የከፈሉትን በጽሑፍ ያድርጉት፤ ስንት፣ ለምን፣ በየትኛው ቀን፣ ምስክሮች እነማን እንደሆኑ ተጽፎ ሁሉም ይፈርም፣ አንድ አንድ ቅጂም ይያዝ።